ጥቅምት ላይ ቤት አትግዛ

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልንገርህ፤ ደላላው እዚያ ራኩባው ጥላ ሥር ሻይ ይዟል፣ ጆሮው ግን እዚህ ነው። እዚህ አርማጭሆ ቆላ፣ አብርሃ ጅራ ላይ ቤት ልትገዛ ካሰብክ ሰፈር ከመምረጥህ በፊት ወር ምረጥ። ጥቅምት ላይ አትግዛ። ኅዳርንም እለፈው። ይህን የሚነግርህ ደላላ አታገኝም፤ ጥቅምት የእሱ ፋሲካ ነው። (አንቺም ብትሆኚ ያው ነው፤ እንዲያውም ሴት ገዢዎች ቀድመው ይገባቸዋል። ለምን እንደምል ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር የቤት ዋጋ የሚወጣውም የሚወርደውም በሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ይዘራል፤ ነሐሴ ይታረማል፤ መስከረም ማለቂያ ላይ ይታጨዳል፤ ነዶው ቆሞ ይደርቅና ጥቅምት ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ከዚያ ኩንታሉ በመኪና ይወጣል፣ ብሩ በኪስ ይገባል። ያን ሰሞን ከተማው ሌላ ከተማ ነው። አልጋ የለም፣ ክፍል የለም፤ የቀን ሠራተኛው ማዳበሪያ አንጥፎ በረንዳ ላይ ያድራል፤ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመው ቆርቆሮ ቤት በአንድ ሌሊት ሥጋ ቤት ሆኖ ያድራል። ደህና ምርት የያዘ ገበሬ መጀመሪያ የሚያስበው ከተማ ላይ ቤት መያዝ ነው፤ ልጆቹ ይማሩበታል፣ ሰው ይከራይበታል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ሻጭ ይኮራል፣ ገዢ ይሻማል።

አሁን ነሐሴን ተመልከት። ሰሊጡ በቅሏል፣ አረሙም አብሮት በቅሏል። አረም ቀጠሮ አያውቅም፤ ጥቂት ቀን ካሳለፍከው ሰሊጡን ይውጠዋል። ማሳው ሰፊ ነው፣ ሥራው የእጅ ነው፣ ሠራተኛው ደግሞ ክፍያውን ዛሬ ይፈልጋል። የገበሬው ብር ለእርሻና ለዘር አልቋል። ባንክ ሩቅ ነው፣ አራጣ ቅርብ ነው። አራጣ አበዳሪ ገና በአበባው ያለውን ሰሊጥ በርካሽ ይዋዋለዋል። ከዚህ ማምለጥ የፈለገ ሰው ምን ይሸጣል? ከብት ያለው ከብቱን፤ የሌለው ባለፈው ጥቅምት በኩራት የገዛውን ቤት። እኔ በልቤ «የአረም ቤት» እለዋለሁ። የአረም ቤት ሻጭ ቀን እንጂ ሳንቲም አይቆጥርም።

በሰው ችግር መነገድ አይሆንም ወይ ትለኝ ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ግን ሁለት ዓይነት ገዢ አይቻለሁ። አንደኛው ደህና ዋጋ ይከፍልና ሰውየውን ከአራጣ ያወጣዋል፤ ሻጩ ሰሊጡን በሙሉ ዋጋው ይሸጣል፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቡና ይጠራራሉ። ሌላው እስከ አጥንቱ ይጨምቀዋል፤ ቤቱን በግማሽ ዋጋ ገዛሁ ብሎ ይስቃል፣ ነገር ግን የሻጩ ወንድም በቀኙ፣ የሻጩ አማች በግራው እንደሚኖሩ ረስቷል። ቆላ ላይ ጎረቤት የጠላው ሰው ሌሊት ትኩሳት ሲይዘው ማን አንሥቶ ጤና ጣቢያ እንደሚያደርሰው ያኔ ያስበዋል።

እኔ ውልና ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ኒም ዛፍ ሥር አንዲት ጠረጴዛ፣ ጥቂት የካርቦን ወረቀት፣ ሁለት እስክሪብቶ፤ ሀብቴ ይኸው ነው። የሚሸጠውም የሚገዛውም እኔ ፊት ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ሲዋሹ እሰማለሁ፣ ጽፌ እሰጣቸዋለሁ። ዛሬ የምነግርህ ወረቀቱ ላይ የማይጻፈውን ነው።

ማን ይመጣል? ሁሉም። አዲስ አበባ ላይ በኪራይ የታከተ ሰው ይመጣል። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ፣ በ2005 እንደገና ተመዝግቦ፣ እየቆጠበ ፀጉሩ የሸበተ ሰው። በ2016 የወጣው የኪራይ ቤት አዋጅ አከራይ ውሉን ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲዋዋልና እንዳሻው እንዳይጨምር አዝዟል፤ ቢሆንም ከተከራይነት አያወጣህም። ከጎንደር ከተማ የሚመጣ አለ። ከወገራና ከእስቴ በአጨዳ መጥቶ የቀረ አለ፤ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ሳሉግ ይሉታል። ሌላ ክልል ርካሽ ነው ብሎ ሄዶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ግርግር ሲነሣ በለበሰው ልብስ የተመለሰም አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ላይ ማንም በፈለገበት የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብት አለው ይላል፤ ሰው ግን አንቀጽ ይዞ አይተኛም። «ቆላ ቢሆንም የራሴ ክልል ነው» የሚል ቃል ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ስንት ጊዜ እንደተነገረ አትጠይቀኝ።

መንግሥትም አንድ ጊዜ እንዲሁ አስቦ ነበር። በ1995 በተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም በአራት ክልሎች 440 ሺህ ያህል ቤተሰብ፣ ማለትም 2.2 ሚሊዮን ሰው ለማስፈር ታቅዶ ነበር፤ ሕጉም እያንዳንዱ በየክልሉ ውስጥ ብቻ ይስፈር የሚል ነበር። የአማራው ደጋ ሰው ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ አርማጭሆና ጠገዴ ቆላ፣ ወደ ጃዊ ወረደ። ከዚያ ፕሮግራም አንድ ብልህ ነገር አስታውሳለሁ፤ ሰፋሪው ደጋ ላይ የተወው መሬት ለ3 ዓመት በስሙ እንዲቆይለት ተብሎ ነበር፣ ካልተስማማው እንዲመለስ። ዛሬ ቤት የሚገዙ ሰዎች ለራሳቸው ይህችን ሦስት ዓመት ቀርቶ ሦስት ወር አይሰጡም። ጎንደር ያለውን ሸጠው ይመጣሉ። እባክህ፣ የመጣህበትን ሳትሸጥ ና።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ይህ ረዘም ይላል፤ ታገሠኝ፣ እንጀራዬ ነው።

ባለፈው አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። ቤት አግኝተዋል፣ ውል ልጽፍላቸው ነው።

«ጋሼ፣ ቤቱን አይተውታል?»

«ፎቶ ልከውልኛል። ግቢው ሰፊ ነው፣ ማንጎ አለው።»

«ፎቶው መቼ የተነሣ ነው?»

«መቼም ይነሣ፣ ምን አገባኝ?»

አገባቸው እንጂ። ፎቶው ላይ ሳሩ አረንጓዴ ነው፤ የክረምት ፎቶ ነው። የእኛ አገር አፈር ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ። ክረምት ሲገባ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ግድግዳው የተስተካከለ ይመስላል። ቤቱን መጋቢት ላይ ብታየው መሬቱ አፉን ከፍቶ፣ ወለሉ ለሁለት ተከፍሎ፣ ማዕዘኑ ከማዕዘኑ ተለያይቶ ታገኘዋለህ። ስለዚህ እዚህ ቤት ሁለት ጊዜ ይታያል። ግድግዳው በጋ ይታያል፣ ግቢው ክረምት ይታያል፤ የጎረቤት ጎርፍ በየት እንደሚገባ ፀሐይ ላይ ማንም አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ካለብህ በጋ ያየኸው ይሻላል፤ ጎርፉን ልጆች ይነግሩሃል፣ ስንጥቁን ግን ማንም አይነግርህም።

የሹፌሩ ነገር ግን በስንጥቅ አላበቃም። ግቢው የት ቀበሌ እንደሆነ ስጠይቅ ከከተማው ወሰን ውጭ ሆኖ ተገኘ። ያ ማለት የገጠር መሬት ነው፤ የገበሬ ይዞታ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ የክልሉም የገጠር መሬት አዋጅ፣ የ1998ቱም ከእሱ በኋላ የመጣው የ2009ኙም፣ ውርስን ስጦታን ኪራይን ይፈቅዳል፣ ሽያጭን አይፈቅድም። ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው፤ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ይለጠፋል። አንተ በእኔ ወረቀት ላይ «ገዛሁ» ብትል፣ ነገ ከተማው ሰፍቶ ቦታው ለመንገድ ሲፈለግ ለካሣ የሚጠራው በደብተሩ ላይ ያለው ሰው ነው። አንተ ቆመህ ታያለህ።

ጋሼ ቀብድ ከፍለው ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ደስ ይላል። ቀብዱን የተቀበለው ግን ሻጩ አልነበረም፣ ደላላው ነው፤ «አደርሰዋለሁ» ብሎ። ያፈረሰ ሻጭ የለም፣ የተቀበለ ሻጭ የለም፣ እጥፍም የለም። ሹክ የምልህ ይኸውልህ፦ ቀብድ ከሻጩ እጅ በቀር በማንም እጅ አታስቀምጥ፣ በእኔም ጭምር።

ከተማ ውስጥ ያለው ቤት ደግሞ ሌላ ሕግ አለው፤ ነባር ይዞታ አለ፣ በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ የተገኘ አለ፣ የማኅበር ቤት አለ፣ ጨረቃ ቤት አለ። ጨረቃ ቤት ስሙ እንደሚያምረው አይደለም፤ በሌሊት ተሠርቶ ጠዋት «ድሮም እዚህ ነበር» የሚባል ቤት ነው። ሻጩ ካርታ የለኝም ግን የግብር ደረሰኝ አለኝ ካለህ፣ ደረሰኙን በአክብሮት ተመልክተህ በአክብሮት መልስለት። ደረሰኝ ግብር መክፈሉን ያሳያል፣ ባለቤትነቱን አያሳይም። የሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ዕዳ አብሮት ይመጣል፤ ቀሪው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቅ። ባዶ የሊዝ ቦታ ደግሞ ግንባታ ሳይጀመርበት እንደ ቤት አይሸጥም፤ አዋጁ መንገዱን አጥብቦታል፣ ደላላ የሚያሰፋው በአፉ ነው።

የራሴን ኃጢአት ደግሞ ልናዘዝ። «ሁለት ውል ጻፍልን» ይሉኛል። አንደኛው ውል ለቢሮ፣ ዋጋው ትንሽ፤ ቴምብርና ግብሩ እንዲቀንስ። ሁለተኛው ለኪስ፣ እውነተኛው ዋጋ። መጀመሪያዎቹን ዓመታት ጽፌያለሁ፣ አልዋሽህም። ሁለቱም ሰዎች ብልህ የሆኑ ይመስላቸዋል። ጉዱ የሚታየው ጠቡ ሲመጣ ነው። ውሉ ይፍረስ፣ ብሩ ይመለስ ሲባል ፍርድ ቤት የሚያየው የተመዘገበውን ዋጋ ነው፤ ገዢው ሦስት እጅ ከፍሎ አንድ እጅ ይመለስለታል። ከአንድ እንዲህ ያለ ቀን በኋላ የገዢው እናት መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አለቀሰች፤ እኔም ከዚያ ወዲያ ሁለት ውል ጽፌ አላውቅም።

ደግሞም እኔ የምጽፈው ወረቀት ብቻውን ቤት አያሻግርም። ይህን ስናገር ደንበኛ አጣለሁ፣ ግን እውነት ነው። ለማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2877 ጽሑፍ ይጠይቃል፤ ቁጥር 1723 ደግሞ ያ ጽሑፍ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ፊት እንዲሆን ይላል። በመዝገብ ካልሰፈረ ደግሞ ሦስተኛ ወገን ላይ አይጸናም። ሦስተኛ ወገን ማለት ሻጩ ያንኑ ቤት በማግሥቱ የሸጠለት ሰው ነው። ሦስት ምስክር ስላስፈረምክ ተኝተህ አትደር፤ ምስክር ይሞታል፣ ሱዳን ይሄዳል፣ ይረሳል፣ ይገዛል።

የሚስቲቱን ነገር ካልነገርኩህ ግን ምንም አልነገርኩህም። ቆላ የወረደ ወንድ ብዙ ጊዜ ደጋ ላይ ትዳር አለው። እዚህ ነጋዴ ነው፣ ገበሬ ነው፣ «ያላገባሁ ነኝ» ይላል፤ ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት አለች። የትዳርን የማይንቀሳቀስ ንብረት አንዱ ብቻውን አይሸጥም፤ ሁለቱ መፈረም አለባቸው። ከውሉ በኋላ ክረምቱ አልፎ መንገድ ሲከፈት ሚስት በአይሱዙ ጋቢና ትመጣለች፤ ሕፃን አዝላ፣ የጋብቻ ወረቀት ይዛ። እኔ ያን ቀን ከጠረጴዛዬ ተነሥቼ ቡና ልጠጣ እሄዳለሁ። ስለዚህ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ጠይቅ፤ ከዚህ ቀበሌ ብቻ ሳይሆን ሰውየው ከመጣበትም። ደላላው «ጥርጣሬ አታብዛ፣ ሰው ታስቀይማለህ» ይልሃል። አስቀይም።

ስለ ቤቱ አካል ጥቂት ልበል። ምስጥ አለ። ቋሚው ከምን እንጨት እንደሆነ ጠይቅ፤ ክርክራ ከሆነ ትንሽ እፎይ በል፣ ምስጥ በቶሎ አይደፍረውም። ደጋ የለመድከው ባሕር ዛፍ ሳይታከም ከቆመ በጥቂት ክረምት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል፤ በቢላ ሥሩን ወጋ አድርገው፣ ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ መልሱን አገኘህ። ጣሪያውን በተመለከተ ሁሉም ሰው ቆርቆሮ ይወዳል። ቆርቆሮ ያስከብራል። ሚያዝያ ላይ ግን፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ባለ ቆርቆሮው ጌታ ጎረቤቱ የሣር ጎጆ ውስጥ ገብቶ ሲያሸልብ ታገኘዋለህ። ከተቻለህ ሁለቱም ያለበት ግቢ ግዛ፤ ዋናው ቤት ቆርቆሮ፣ ጓሮው ጎጆ፣ ፊት ለፊቱ በሽመል የተሠራ ራኩባ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ቆርቆሮና ሚስማር ገዝቶ መሥራት ልብ ያደርቃል፤ በአሮጌ ግቢ ያለ አሮጌ ቆርቆሮ እንኳ ዋጋ አለው፣ አውልቀው እንዳይወስዱብህ በውሉ አስጽፈው።

ደጋ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ደጅ ይተኛል። ግራር ሥር ነፋስ አለ፣ ጨረቃ አለ፣ ደስ ይላል። ካላዛር የሚገባው በዚህ ደስታ ነው። የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ከትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፤ ቀን በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ አካባቢ ተደብቃ ሲመሽ ትወጣለች። አንተ ሳምንት ሁለት ሳምንት ትኩሳት ይይዝሃል፤ ወባ ነው ትላለህ፣ የወባ መድኃኒት ትውጣለህ፣ አይለቅህም። ትከሳለህ፣ ጣፊያህ ያብጣል። ካልታከምክ ይገድላል፤ ቀልድ የለውም። ቆላን የማያውቀው ደም ይበልጥ ይጎዳል፤ እዚህ ከተወለደው ሰው ይልቅ አዲስ መጪው ይብስበታል። በ1997 ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ፣ ካላዛር ታውቆ በማይታወቅበት ደጋ፣ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ከዚህ ከመተማና ከሁመራ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደሄዱ ነው የሚታመነው። በእኛው ወረዳ አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ለዓመታት ካላዛርና የእባብ መነደፍ ሲያክም ኖሯል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የካላዛር ሕክምና ማዕከል አለው። ደላላ ስለ ማንጎው ይነግርሃል። አንተ ከመኝታው እስከ ግራሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ ቁጠር፤ ቀዳዳው የደቀቀ፣ መድኃኒት የተነከረ አጎበርም ከቤቱ ዋጋ ጋር አብረህ ደምር።

መንገዱንም ደምር። ከጎንደር በሳንጃ በኩል ቁልቁል ትወርዳለህ፤ ክረምት ሲገባ ዋልካው መኪናን እንደ ሊጥ ይይዘዋል። በክልሉ ከ2015 ክረምት ወዲህ ባለው ግጭት መንገድ ሳይታሰብ ይዘጋል፤ ለማስለቀቂያ ብር ሰው ማገትም የዚህ አካባቢ መንገደኛ የሚያውቀው ስጋት ሆኗል። ይህን በሹክሹክታ መናገር አያስፈልግም፣ ሁሉም ያውቀዋል፤ የምነግርህ ግን የቤቱ ርካሽነት አንዱ ምክንያት ይኸው መሆኑን ነው። ድንበሩም አለ። ኅዳር 2013 አካባቢ የሱዳን ጦር የድንበሩን መሬት አል ፋሻጋን ሲይዝ እዚያ ያርሱ የነበሩ የኢትዮጵያ ገበሬዎች እርሻቸውን ለቀው ወጡ። እርሻው ሲሄድ ከተማ ላይ ያለው ቤት ዋጋውም ይንቀጠቀጣል፤ ሰሊጥ የሌለው ሰው ቤት አይገዛም፣ ይሸጣል እንጂ።

ሴት ገዢዎች ቀድመው ይገባቸዋል ያልኩት ለአንዲት ሴት ስል ነው።

ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል ሰው እንደ ጎርፍ ገባ፤ ሱዳናዊውም፣ እዚያ ለዓመታት ሠርቶ ያደረ ኢትዮጵያዊም። እሷም ከእነዚያ አንዷ ናት። ካርቱም ሻይ ትሸጥ ነበር። ቁጠባዋን ይዛ ጎንደር ሄደች፣ ጎንደር የሚጠየቀውን ዋጋ ሰማች፣ ተመልሳ ወደ ቆላ ወረደች። «አያ፣ ሙቀት እንደሆነ እኔ ካርቱም ኖሬያለሁ» አለችኝ፤ ሙቀት ሊያስፈራራት የሞከረውን ደላላ አየት አድርጋ።

ጥር ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች። ሚያዝያን አየች፣ ሐምሌን አየች። በጋ ላይ ቀጭን ሽመል ይዛ በየግቢው ትዞር ነበር፤ ስንጥቅ ስታይ ሽመሉን ትሰደዋለች፣ እስከ ክንዷ ከገባ «ይህ አይሆንም» ብላ ትወጣለች። ሕፃናት ተከትለው ይስቁባት ነበር። ደላላው ስምንት ቤት አሳያት፤ ስምንተኛው ላይ ተናደደ። «እኅቴ፣ ቤት ነው ወይስ ሙሽራ ነው የምትመርጪው?» አላት። «ሙሽራ ቢሆን ይህን ያህል አልደክምም» አለችው።

ነሐሴ መግቢያ ላይ አንድ ገበሬ መጣ፤ አረም ይዞታል። ቤቱ ነባር ይዞታ ነው፣ ካርታ አለው፣ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ፣ ጓሮው ጎጆ፣ በሩ ላይ አንድ ኒም። ግድግዳውን ከፋሲካ በፊት ሽመሏ አይቶታል። ደላላው ስለ ሻጩ «ቸኩሏል፣ ዝቅ አድርጊ» ብሎ በጆሮዋ ሹክ አለ፤ እኔም ሰማሁ፣ ሻጩም ሰማ። እሷ ግን ሰውየው ለአረም ስንት እንደሚያስፈልገው ጠየቀችው፣ ቆጠረላት፤ ከዚያ ጥቂት ጨምራ ዋጋ ሰጠች። ወዲያው አልተዋዋለችም። «ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ» አለችው። ሚስትየዋ ከእርሻው ካምፕ ጭቃ እስከ ጉልበቷ ሆና መጣች። መጀመሪያ ጣቷን ቀለም ያስነከረችው ሚስትየዋን ነው፤ ባልየውን ቀጥሎ።

ውሉን ስጽፍ እስክሪብቶዬ ደከመ። ኒሙ ይጻፍ አለች። የወጥ ቤቱ ቋሚዎች ክርክራ መሆናቸው ይጻፍ። በጎረቤት ጥግ ያለው የጎርፍ መውረጃ የግቢው አካል መሆኑ ይጻፍ፤ በዝናብ ውስጥ ሱሪያችንን ጠቅልለን በገመድ ለካነው። ከዚያ እስክሪብቶዬን ልዘጋ ስል «አንድ ደግሞ አለ» አለች። ሻጩ፣ ሚስቱና ልጆቹ ሰሊጡ እስኪራገፍ ድረስ የጓሮውን ጎጆ ያለ ኪራይ ይኑሩበት።

ደላላው ምራቁን ዋጠ። «ገዝተሽ ተከራይ ታስገቢያለሽ?» አላት።

«ክረምት ላይ ሰው አይወጣም» አለችው።

በማግሥቱ ፍርድ ቤት ሄደው አስመዘገቡት። ኅዳር አጋማሽ ላይ ገበሬው ዕቃውን በጋሪ ሲጭን አየሁት፤ ለእሷ አንድ ኩንታል ማሽላ አውርዶ በሩ ላይ ጥሎላት ሄደ። እሷ አሁን ኒሙ ሥር ሻይ ትሸጣለች፤ ደላላው ሻይ የሚጠጣበት ራኩባም የእሷ ነው። ከኮሚሽኑ ላይ ቀረ የሚለውን ብር ዛሬም ይጠይቃታል። ዛሬም ሻዩን አስከፍላ ትልከዋለች።